ያለ ወቅቱ የታረሰ ባሕር

ጌንሳኩ ጎረቤቴ ነው። ጓደኛዬ ነው ብዬ እንዳወራ እሱም አይወድም፣ እኔም አልወድም። ቤቶቻችን በአንድ አጥር ይዋሰናሉ፤ ጀልባዎቻችን በአንድ ምሰሶ ይታሰራሉ፤ ዓሣ የምናረባባቸው የመረብ በረቶቻችንም እዚህ ጃፓን፣ አማኩሳ ውስጥ በአንድ ጠባብ ወሽመጥ ሲንሳፈፉ ኖረዋል። እንግዲህ ስለ እሱ የማወራው ወድጄ አይደለም። ዐይኔን ስገልጥ የሚታየኝ እሱ ስለሆነ ነው።

የእኔ በረቶች ወሽመጡ አፍ ላይ ናቸው። ነፋስ በመጣ ቁጥር መረቡ ተቀደደ፣ ገመዱ ተበጠሰ እያልኩ ስሯሯጥ እኖራለሁ። የጌንሳኩ ግን ከውስጠኛው ጥግ፣ ከተራራው ሥር፣ ማዕበል ዝር ከማይልበት ቦታ ነበሩ። ቦታውን የያዘው አባቱ ነው። አውሎ ነፋስ ባለፈ ማግስት እኔ እንደ አይጥ ረጥቤ ስመለስ፣ እሱ በረንዳው ላይ የስኳር ድንች አረቄውን ይዞ «ማሱኪቺ፣ ዓሣህ ደህና አደረ?» ይለኛል። ይኸውላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ታዲያ የተኛ ውሃም የራሱ ጣጣ አለው። የምናረባው ታይ ነው፤ ያ ለሰርግና ለልደት የሚቀርበው ቀይ ዓሣ። ከሚበላው የተረፈው ፍርፋሪና ኩሱ በመረቡ ሾልኮ ቁልቁል ይወርዳል። እኔ ዘንድ ጅረቱ ጠራርጎ ይወስደዋል። ጌንሳኩ ዘንድ ግን የወረደ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ዘመን በዘመን ላይ ሲደራረብ የባሕሩ ወለል ጥቁር አተላ ሆነ። መልሕቅ ሲሳብ የገማ እንቁላል ሽታ ይወጣል። ልጆች ሳለን እዚያ ጥግ እየጠለቅን ዛጎል እንለቅም ነበር፤ ዛሬ ዛጎል የለ፣ ሸርጣን የለ፣ ሣር የለ። ይህን ስታነሣበት ጌንሳኩ «ዓሣው የሚኖረው ላይ ነው፤ ታች ማን አለ?» ብሎ አፍህን ያዘጋሃል።

አንድ ልጅ አለው፣ ሂሮሙ የሚባል። ኦሳካ ከተማ ሄዶ የማቀዝቀዣ መኪና የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠራ። ካቻምና መከር ላይ የአንድ ዓመት ፈቃድ አውጥቶ መጣ። በመጣ በሁለተኛው ቀን እናቱ ሺጌኖ ራት ጋበዘችኝ። ሩዛችንን እየበላን ሳለ ሂሮሙ ዱላውን አስቀመጠና፣ የምንበላበትን ማለቴ ነው፣ አባቱን ቀና ብሎ አየው።

«አባዬ፣ ቤቱንም በረቱንም እረከባለሁ። ግን መቃብር አልረከብም» አለ። «ያ ወለል ነፍስ ይዘራ እንደሆነ ልሞክረው። ዓመቱ ሲያልቅ ከታች የሚንቀሳቀስ ነገር ከተገኘ እቀራለሁ። ካልተገኘ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።»

«ተመለስ፤ ማን ያዘህ?» አለ ጌንሳኩ።

አፉ ይህን ይበል እንጂ፣ እጁ የዓሣውን ጉንጭ ፈልቅቆ ልጁ ሳህን ላይ አኖረ። የታይ ጉንጭ ምን እንደሆነ የበላ ያውቀዋል። እኔን በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላቀመሰኝም።

ሂሮሙ ሊሞክር ያሰበው ትል ነው። እንደ ክር የቀጠነ፣ ቀይ፣ አተላ የሚበላ የባሕር ትል። ሌላ ወሽመጥ ላይ ተሞክሮ እንደሠራ ሰምቶ ዘሩን ከምርምር ጣቢያ ሰዎች ለምኖ አመጣ። የሟች አያቱን የመታጠቢያ ገንዳ ከቤቱ ጀርባ አውጥቶ፣ ከወለሉ የወጣ ጭቃ ሞልቶበት፣ የባሕር ውሃ በቧንቧ እየሳበ ትል ያረባ ጀመር። ሽታውን ተዉት። ሚስቴ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ዘግታ በምስማር መታችው።

መንደሩ ደግሞ ሥራ ፈት ነው። ለዓሣው በረዶ የሚሠራበት ቤት ደጅ ላይ ሂሮሙ ባለፈ ቁጥር «የትል እረኛው መጣ!»፣ «መንጋህ ወለደ?»፣ «ለማጥመጃ የሚሆን ወጠጤ የለህም?» ይሉታል። ከሁሉ የሚብሰው የገዛ አባቱ ነው። «እኔ ምን በደልኩ?» ይላል ጌንሳኩ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ። «ሰው ልጁን አስተምሮ ሐኪም ያደርጋል። እኔ አስተምሬ ትል አረባሁ!» ሰዉ ይስቃል። ሂሮሙም አብሮ ይስቃል፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ማንን እንደመሰለ እንጃለት።

አሁን ስለ ማረሻው ልናገር። እኛ ባሕር እናርሳለን። በብርድ ወራት፣ ዓሣው ለአዲስ ዓመት ተሽጦ በረቱ ሲቀልል፣ ጀልባዎቹ ሁሉ ይሰለፉና ጥርስ ያለው ከባድ ብረት በወለሉ ላይ እየጎተቱ አተላውን ይገለብጡታል። ያኔ ውሃው ከላይ እስከ ታች የተደባለቀ ስለሆነ የተገለበጠው ጭቃ አየር ያገኛል፣ የታመቀው መርዝም በነፋስ ተበትኖ ይጠፋል። በሙቀት ወራት ግን የላዩ ውሃ ለብቻው ይሞቃል፣ የታቹ ለብቻው ታፍኖ ይቀመጣል። ያን ጊዜ አተላውን የነካ ሰው የታመቀውን ሁሉ በአንዴ ያወጣዋል። ስለዚህ የዓሣ አርቢዎች ማኅበራችን ማረሻ ብርድ እስኪመጣ ከመጋዘን አይወጣም። ይህን ለመንደራችን ሰው መንገር አያስፈልግም።

በዚያ ብርድ አረስን፤ ካረስን በኋላ ሂሮሙ ትሉን ከጭቃ ጋር ለውሶ በቱቦ ወደ ወለሉ አወረደው። ጌንሳኩ አልረዳውም። ጀልባዋ የእሱ ስለሆነች ብቻ መሪው ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ያጨስ ነበር። ያ ተራራ ምን አዲስ ነገር እንዳወጣ ግን አላየሁም።

ብርዱ ለቆ የቼሪው ዛፍ ባበበ ሰሞን ሂሮሙ በገመድ በሚወርድ መዛቂያ ከወለሉ ጭቃ አወጣና በሳህን አድርጎ አሳየን። ጥቁሩ አተላ ላይ እንደ ቆዳ ስስ የሆነ ቡናማ ነገር ተነጥፎበታል። ሽታው ቀንሷል። በጣቱ ፈልፈል ሲያደርገው ቀያዮቹ ክሮች ተላወሱ።

«ይኼ ነው? ክር አይደል እንዴ?» አለ ጌንሳኩና ሄደ። የሄደው ወደ ፀጉር አስተካካዩ ነው። እኔም ከኋላው ስደርስ ምላጭ ጉሮሮው ላይ ተደግኖ «ወፍረዋል! ዐይኔ እያየ ተላወሱ!» እያለ ያወራል። ሲያየኝ ኩም አለ።

ሙቀቱ ገባ። ሂሮሙ ቀድሞ ነግሮን ነበር፤ «በሙቀት ትሉ ይመነምናል፣ የተረፈው ብርድ ሲመለስ ይራባል፤ አትደንግጡ» ብሎ። ጌንሳኩ የሰማው ግን «ይመነምናል» የሚለውን ብቻ ነው። መከር ላይ የመጨረሻው ጭቃ ይወጣል፤ የሚንቀሳቀስ ከሌለ ልጁ ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አረቄውን እንኳ በወጉ አልጠጣም።

ነሐሴ ሲጋመስ ከኦሳካው ድርጅት ስልክ ተደወለ። ሂሮሙ በረንዳው ላይ ሆኖ «እመጣለሁ፣ ፊት ለፊት እንነጋገር» ሲል ሺጌኖ ሰማችው። ለባሏ ነገረችው፤ እሱም ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ደመደመ። ሂሮሙም በነጋታው «የሁለት ቀን ጉዳይ አለኝ» ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ምን ጉዳይ እንደሆነ አባቱ አልጠየቀም፤ ልጁም አልተናገረም። እነዚህ ሰዎች አንድ ጥያቄ ቢጠያየቁ አንደበታቸው የሚረግፍ ይመስላቸዋል።

የዚያን ቀን ጌንሳኩ ከቤቱ በላይ ያለችውን የሺጌኖን የነጭ ራዲሽ ማሳ ሲቆፍር ዋለ። ወቅቱ ነው። አጥሩ ላይ ተደግፌ ሳየው ቁፋሮውን አቋርጦ አፈር በእጁ ይዞ ቆሟል። መዳፉ ላይ ጣት የሚያህል የምድር ትል ይጥመለመላል።

«ማሱኪቺ፣ ያምና ትዝ ይልሃል? ይቺ ማሳ ደንድና አንድም ትል አልነበራት።»

«ታዲያ?»

«ዘንድሮ ሁለቴ ገለበጥኳት። እየው እንግዲህ!»

«ለትልህ እንኳን ደስ ያለህ» አልኩትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ነገሩ ከራዲሽ ያለፈ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ዓሣዬን ልመግብ ስወጣ የጌንሳኩ ጀልባ ከጥጉ በኩል እያቃሰተች ትመጣለች። ኋላዋ ወደ ውሃው ዘንበል ብሏል፤ ከባድ ነገር ስትጎትት እንዲያ ነው የምትሆነው። በረቶቹን በገመድ ወደ ጎን ስቦ ደርድሯቸው፣ በፊት የነበሩበትን ቦታ ሲመላለስበት ቆይቷል። ማረሻውን ከመጋዘን አውጥቶ ነው! ክው አልኩ።

«አንተ ሰውዬ! ምን እያደረግክ ነው?»

«ዝም በል! እየጨረስኩ ነው!» አለኝ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ደስ ብሎት። ሲደሰት ያየሁት የዚያን ቀን ነው፤ ሲያገባ እንኳ እንደዚያ አልነበረም።

ሕጉን ረስቶት አይደለም። ኋላ እንደነገረኝ፣ ሕጉ ትል ለሌለበት ጭቃ የወጣ መስሎታል። ትል ያለበት ወለል ደግሞ እንደ ማሳ ነው፤ ሲገለበጥ ይለሰልሳል፣ ትሉ ይወፍራል፣ ልጁ ይቀራል። ከማሳው ተነሥቶ እዚህ ሐሳብ ላይ ሲደርስ መንገድ ላይ ያቆመው ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ከዚያ ውሃው ሩዝ የታጠበበት ውሃ መሰለና ነጣ፤ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነገር አለው። ባሕሩ ወደ ውስጥ የሚገባበት ሰዓት ስለነበረ መርዙ ወደ እኔ አልመጣም፤ እዚያው ጥግ ላይ ታፈነ። ጎን ላይ የተደረደሩት በረቶች ውስጥ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃ በላይ እያወጡ ያዛጉ ጀመር። ጌንሳኩ ሞተሩን አጥፍቶ ያያቸዋል። እኔ ገመዱን ልፈታ ደርሼ አንዱን በረት ወደ ወሽመጡ አፍ መሳብ ስጀምር ቀዩ ሆዳቸው አንድ በአንድ ወደ ላይ ይገለበጣል። ፀሐይ ተራራውን ሳትሻገር ሁሉም አለቀ።

መንደሩ መረቡን ይዞ ወጣ። ማንም አልቀለደም። የሞተ ዓሣ በሙቀት አይቆይም፤ ቶሎ ቶሎ አፈስን። ሺጌኖ ለሠራተኛው የሩዝ ድቡልቡል አምጥታ አደለች፤ ለባሏ ስትሰጠው ፊቱን አላየችም። አንጀቴን በላኝ።

ሂሮሙ በማግስቱ ደረሰ። መጀመሪያ በረቶቹን አየ፤ ቀጥሎ ምሰሶው ሥር ተደፍቶ የቀረውን ማረሻ አየ። ጥርሶቹ መካከል ጥቁር ጭቃ ደርቋል። ለረጅም ጊዜ ቁጢጥ ብሎ ተመለከተው። ከዚያ ቱቦ አምጥቶ ማረሻውን እጥብ አደረገና በጋሪ ጭኖ መጋዘን መለሰው። እኔ ጀልባዬ ውስጥ ሆኜ እንደማይ ያውቃል። «ጋሼ፣ አደራ» አለኝ።

ማኅበሩ ማታውን ተሰበሰበ። ሊቀመንበራችን ቁጣ አያውቅም፤ ግን ሲጨነቅ ጆሮውን ያሻል። እያሻ ጠየቀ፦ «ሂሮሙ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ሂሮሙ። «ትሉን ሳላመዛዝን አበዛሁት። አተላውን የቀሰቀሰው እሱ ይመስለኛል።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሰዉ አጉረመረመ። ሊቀመንበሩ ጆሮውን ለቀቀና «እንደዚያ ከሆነ ከእንግዲህ በዚህ ወሽመጥ ትል የሚባል ነገር አይገባም። ያለውም ይደፋ» አለ።

«ትሉን ተዉት!»

ጌንሳኩ ነው። መቼ እንደተነሣ አላየሁም፤ ቆሟል።

«ትሉ ምን አደረገ? ትሉ ምንም አላደረገም! ያረስኩት እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነው ያረስከው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ባሕሩን።»

«በዚህ ሙቀት?»

«በዚህ ሙቀት።»

ከኋላ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ አፈነው። ጌንሳኩ ተንበርክኮ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፋ። ይህ ሰው አንድ ጊዜ እግሬን በጀልባ ገጭቶ «እግርህን ለምን እዚያ አኖርከው?» ያለኝ ሰው ነው። ግንባሩን እንደደፋ ቆየ፣ ሊቀመንበሩ ራሱ ወርዶ እስኪያነሣው። ትሉ አይደፋ ተባለ። የእኛ ስብሰባ በዚህ አለቀ።

የእነሱ ግን ገና ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ አጥሩ ቀርከሃ ነው፣ ጆሮ ደግሞ ክዳን የለውም።

«ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለ ሂሮሙ።

«ምን ብዬ?»

«ልረስ ወይ ብለህ! አንዲት ቃል!»

«ብጠይቅህማ እንድትቀር እንደምፈልግ ታውቅብኝ ነበር» አለ ጌንሳኩ።

«አባዬ፣ ይህን ባውቅ ኖሮ መጀመሪያውኑ ኦሳካ ምን ይወስደኝ ነበር?»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት የበር መንሸራተት ብቻ ነው።

ሂሮሙ ሄደ። ቃሉ ቃል ነው፤ በዚያ በኩል ቁርጥ አባቱን ነው። መከር ላይ የወጣው ጭቃ ጥቁር ነበር፤ የሚላወስ ነገር አልተገኘበትም። አውቶቡሱ ጋ የሸኘነው እኔና ሺጌኖ ነን። ጌንሳኩ ራዲሹን ይኮተኩታል ተባለ። ራዲሹ ገና ሁለት ቅጠል ብቻ ነበረው፤ ምኑን እንደኮተኮተ እንጃ።

ከሳምንት በኋላ ሚስቴ «ሽታው አልጠፋም» አለችኝ። በአጥሩ ብመለከት ጌንሳኩ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሏል። እጁን እስከ ክንዱ ጭቃው ውስጥ ነክሮ ያማስላል።

«አልደፋኸውም?» አልኩት።

«ምን አገባህ?»

«አይ፣ እንዲያው የትል እረኛው ሄዷል ብዬ ነው።»

ይሳደባል ብዬ ስጠብቅ «ምን ያህል እንደሚበሉ ታውቃለህ?» አለኝ በለሆሳስ። እኔ ከየት አውቃለሁ? ዘልዬ ገባሁና አብረን ገመትን። ግማሹን ገደልነው። የቀረው ግን እያደር ለመደን፣ ወይም እኛ ለመድነው።

ብርድ ሲመጣ ጌንሳኩ ከጥጉ ለቀቀ። ባዶ በረቶቹን እየጎተተ አምጥቶ ከእኔ አጠገብ፣ ወሽመጡ አፍ ላይ አሰራቸው፤ ጫጩት ዓሣም አስገባባቸው። ዕድሜውን ሙሉ የተኛ ውሃ ላይ የኖረ ሰው ስለሆነ ማዕበሉ አናቱ ላይ ይወጣበታል። በየጠዋቱ ዓሣውን ከመገበ በኋላ በጀልባው ጠርዝ ተደፍቶ ያስመልሳል። እኔም በተራዬ «ጌንሳኩ፣ ደህና አደርክ?» እለዋለሁ። ይህን ጊዜ ስጠብቅ ነው የኖርኩት፤ እግዜር ይስጠው።

ባዶውን ጥግ ከሁሉም ጋር ሆኖ አረሰ፣ በወቅቱ። ከዚያ ትሉን በቱቦ አወረደ። ያኔ ፊቱን ወደ ተራራው አላዞረም፤ ቱቦውን ራሱ ያዘ፣ መሪውን ለእኔ ሰጠኝ።

ሂሮሙ እሁድ እሁድ ለእናቱ ይደውላል። ከአባቱ ጋር አይነጋገርም። ቼሪው እንደገና ባበበ ሰሞን፣ በአንዱ እሁድ፣ እነሱ ቤት ሻይ እየጠጣሁ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ጠረጴዛው ላይ የዚያን ዕለት ያወጣነው ጭቃ በሳህን አለ። ላዩ ቡናማ ነው። ሺጌኖ ትንሽ አወራችና ስልኩን ድንገት ለባሏ ዘረጋችለት። ጌንሳኩ እንደ ፍም ነው የተቀበለው። ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አድርጋ ነበር።

«እ» አለ።

«እ» አለ ከወዲያ ልጁ።

እኔ ትዕግሥቴ አለቀና ሳህኑን ወደ ጌንሳኩ ገፋሁት። ጭቃው ላይ ቀይ ክር ተላወሰ።

«አሉ» አለ ጌንሳኩ።

«ምኖቹ?»

«ትሎቹ ናቸዋ። ታች አሉ። ገንዳውም ሞልቷል።» አንገቱ ቀላ። «ለአንድ ሰው… ብዙ ነው። እኔ እያረጀሁ ነው። ማሱኪቺም አይረባም።»

ይህን ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሲለምን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ስድቡን ዋጥኩት።

ሺጌኖ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እጀታ ጨብጣ ሳትቀዳ ቀርታለች።

«ውሃውን በየስንት ቀኑ ነው የምትቀይረው?» አለ ልጁ።

«በየሁለት ቀኑ።»

«ሊሞቅ ነው፤ ያ አይበቃም። እኔ እስክመጣ በየቀኑ ቀይር።»

ጌንሳኩ «እሺ» ብሎ ስልኩን ሳይዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ተነሣና ወደ ጓሮ ወጥቶ ቧንቧውን ከፈተ።